የአሮጌው ካሜራ ዋጋ

አድነው የተገደለው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሑድ፣ የሶዶ ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የፎቶ ቤቱን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ገፋ አደረገችው። ባሏ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተፈርክሷል። ከፎቶ ተነሺ ጀርባ የሚሰቀለው ነጭ አቡጀዲ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ደም ተረጭቶበታል። የካሜራው ባለሦስት እግር መቆሚያ አጠገቡ ወድቋል፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቋል።

ከሬሳው ራስጌ አንጁሎ ተንበርክኳል። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ነው።

አንጁሎ ለቤቱ ውኃ የሚቀዳ፣ ዕቃ የሚሸከም ጎልማሳ ገባር ነው። አማርኛ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጥሩወርቅ ስትጮኽ እሱም በወላይትኛ ጮኸ። ጎረቤቱ ሲደርስ የሰማው የሁለት ሰው ጩኸት ነው፤ ያየው ግን አንድ ደም የነካው ሰው ነው። ማን ይጠይቀው? አንዱ በዱላ አፉን ብሎ ሁለት ጥርሱን አረገፈው። ሌሎቹ የፊጥኝ አሰሩት።

ሻንቆ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የዳኛው የቀኛዝማች ገብረሥላሴ አስተርጓሚ ነበር። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተወለደ፣ አርባውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። አማርኛን የተማረው ገና ልጅ ሳለ፣ ከሰፈረው ወታደር ቤት አድጎ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዳኛና በተከሳሽ መካከል ቆሞ የሰው ነገር ሲያቀብል ስለኖረ፣ የሚዋሽ ሰው ድምፁ የት ጋ እንደሚሰበር ያውቃል።

"ማን ገደለው በለው" አሉ ቀኛዝማች።

ሻንቆ ጠየቀ። አንጁሎ ደም እየተፋ መለሰ።

"ውኃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ ነበር ይላል። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት፤ ነፍሱ ያለ መስሎኝ ቀና አደረግሁት ይላል።"

"የጠፋውስ ዕቃ?"

ሻንቆ ዙሪያውን አየ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካሜራ አለ። አዲስ ነው፤ ብረቱ ያብለጨልጫል፣ ቆዳው ጭረት የለበትም። ሶዶ ውስጥ ዋጋውን የማያውቅ ሰው የለም፤ መቶ ሰማንያ ብር! አጠገቡ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል። እዚያ የነበረው አሮጌው ካሜራ ነው፤ እንደ ወናፍ የሚታጠፈው ጥቁር ቆዳው በሰም ጨርቅ የተለጠፈ፣ መዝጊያው በክር የታሰረ።

ገዳዩ አዲሱን ትቶ አሮጌውን ወስዷል።

"ባላገር ነው" አሉ ቀኛዝማች። "የቱ እንደሚያወጣ ምን ያውቃል?"

"ጌታዬ፣ ሁለቱንም በየቀኑ የሚወለውለው እሱ ነው። አዲሱን ከጣልክ በዕድሜ ልክህ አትከፍለውም እየተባለ ነው የሰነበተው።"

"አንተን ለማስተርጎም ነው የጠራሁህ" አሉት።

የአንጁሎ ጎጆ ተበረበረ፤ እንሰቱ ሥር ተቆፈረ። ካሜራ የሚባል ነገር አልተገኘም።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ግራዝማች ብሩ ከቤሌ ደረሱ። በምዕራቡ መንገድ ያለውን ኬላ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። የሟቹ አበልጅ ነበሩ፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ከበቅሏቸው ወርደው መቃብሩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ጥሩወርቅን አቅፈው፣ "አበልጄ፣ ደሙን ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሏት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ችሎቱ ወርካ ሄዱና የገራፊውን ጅራፍ ከእጁ ተቀበሉ።

አንጁሎ ወርካው ላይ ታስሮ ነበር። ብሩ ሸማቸውን አደገደጉ። የመጀመሪያው ግርፋት ቆዳውን ሰነጠቀው። አሥረኛው ሥጋውን አወጣው። ሻንቆ ከጎኑ ቆሞ የሚጮኸውን ይተረጉማል፤ ሥራው ነውና።

"ምን ይላል?"

"አልገደልኩም ይላል።"

"አሁንስ?"

"እናቱን ይጠራል።"

ሠላሳ ላይ ሲደርስ ራሱን ሳተ። ውኃ ደፉበትና አሥር ጨመሩለት። ቀኛዝማች ከወንበራቸው ተነሡ። "ሐሙስ ሸንጎ ይቀመጣል። ካሜራውን እስኪያወጣ ይገረፋል።" ከዘበኛ ጋር በሰንሰለት አቆራኙት።

ሻንቆ የአንጁሎን ጀርባ አየው። ሐሙስን እንደማያልፍ ገባው። ሌላም ነገር አየ። ብሩ ሲገርፉ አንድም ጊዜ፣ "ለምን ገደልከው?" አላሉም። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ካሜራውን ወስጃለሁ በል!"

ማክሰኞ ማለዳ ገበያው አፍ ላይ ሌላ ወሬ ተነሣ። ባለፈው ማክሰኞ አድነው ከሳሊህ ጋር ተጣልቶ ነበር አሉ። ሳሊህ ከስልጤ አገር የመጣ ባለሱቅ ነው፤ አዲሱን ካሜራ ከአዲስ አበባ ያስመጣለት እሱ ነው። አድነው ካሜራውን ሱቁ ላይ ዘርግቶ፣ "ሌባ!" ብሎታል በሕዝብ ፊት። ሳሊህም የስፌት መቀሱን አንሥቶበት ነበር።

ሻንቆ ሱቁ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ተጣልታችኋል።"

"ተጣልተናል።"

"መቀስ አንሥተህበታል።"

"ሌባ ሲለኝ አነሣሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው እኮ! አንተ ብትሆን ምን ታነሣ ነበር?"

"እሑድ የት ነበርክ?"

"ዲምቱ ገበያ። ቅቤ ልገዛ ቅዳሜ ወጣሁ፣ ሰኞ ነው የገባሁት። አራት ጫኝ አብሮኝ ነበር። ሂድና አንድ በአንድ ጠይቃቸው።"

ዓይኑ አልሸሸም። ሻንቆ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

"ስለ ምን ነው የተጣላችሁ?"

"ስለ ዋጋ ነዋ!" ሳሊህ እጁን ዘረጋ። "መቶ ሰማንያ ብር ከፍዬ የሚወጣልኝ ምስል ከዚያ ከተለጣጠፈው አሮጌ አይበልጥም አለኝ። እኔም አልኩት፣ አዲስ የምትገዛው ለምስሉ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ያነሣው ነገም እንዲያነሣልህ ነው። ያገለገለ ዕቃ የፊተኛ ባለቤቱን በሽታ ይዞ ይመጣል፤ ቆዳው ይቀደዳል፣ ብርሃን ይገባበታል፣ ሠርግ መሃል ይቆምብሃል። ካልጣመህ ገንዘብህን ውሰድ አልኩት። ጥቂት ቀን ልሞክረውና እወስናለሁ ብሎ ታረቅን።"

"አሮጌው ምን ያህል ያወጣል?"

"እንዲያ ተለጣጥፎም? የዓይኑ መስተዋት ድንቅ ነው። አዲስ አበባ ከሰማንያ በታች የሚሰጥህ የለም።" ሳሊህ ትንሽ አሰበ። "ዓርብ ዕለት እየሳቀ መጥቶ ነበር። ለአሮጌው መቶ ብር የሚሰጥ ሰው ተገኘ አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ወላሂ፣ ከዋጋው በላይ የሚሰጥ ሰው ዕቃውን አይደለም የሚገዛው አልኩት።"

"ማን ነው የሚገዛው?"

"አልነገረኝም። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ።"

ሻንቆ በቀጥታ ወደ ጥሩወርቅ ቤት ሄደ። ልጁን ጎረቤት ወስደውታል። ጥሩወርቅ ፊቷን ነጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀምጦ ጠየቃት።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ አሮጌው ካሜራ የት ተገዛ?"

"አበልጃችን ናቸው የሸጡልን፤ ግራዝማች። አድነው ሥራ አጥቶ ሲቸገር አይተው ነው። እንዲያው በስጦታ ያህል፣ በአሥራ አምስት ብር።"

ሻንቆ ዋጋውን በልቡ አሰላ። ሰማንያ የሚያወጣውን በአሥራ አምስት የሚሸጥ፣ ወይ ዋጋውን የማያውቅ ነው፣ ወይ ዕቃው ከቤቱ እንዲወጣለት የሚፈልግ ነው።

"መቶ ብር እሰጣለሁ ያለውስ?"

"እሱን አላውቅም። ግን..." ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ፈታትቶት ነበር። ከአዲሱ እኩል የሚያነሣበትን ምክንያት ልይ ብሎ። ከዚያ ለግራዝማች ወረቀት ጽፎ በመንገደኛ ላከ። ሐሙስ መልስ መጣለት። ምን ይላሉ ስለው፣ መጥተው ያስረዱኝ ብቻ አለ። ከዓርብ ወዲህ ከእኔም ጋር አልተጫወተም። ቅዳሜ በሩን ዘግቶ አዲሱን ካሜራ ሲሞክር ዋለ።"

"ምን ሲያነሣ?"

"እኔ እንጃ። ፊልሙ ገና አልታጠበም።"

ተያዩ።

"ፊልም የሚያጥበው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ጥሩወርቅ፣ ተነሥታ።

የጨለማው ክፍል ከጓዳ በምንጣፍ የተከለለ ጠባብ ቦታ ነው። በቀይ ጨርቅ የተጋረደ ፋኖስ አብርታ ፊልሙን ከአዲሱ ካሜራ አወጣች። ጥቅልሉን ፈትታ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነከረችው። ሻንቆ ከምንጣፉ ውጭ ሆኖ የውኃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፊልሙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አስተኝታ ለብርሃን አጋለጠችው፣ አጠበችውም።

ወረቀቱ ላይ አሮጌው ካሜራ ወጣ። ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ከኋላ መዝጊያው ውስጥ ተለጥፎ የነበረው ቆዳ ተገንጥሏል፤ ከሥሩ ብረቱ ላይ በመርፌ የተጫረ ጽሕፈት አለ። ጥሩወርቅ የባሏን ማጉያ መነጽር አንሥታ አነበበች።

"ሐጎፕ። አዲስ አበባ፣ ሰኔ 24። ሆሳዕና፣ መስከረም 25። ሶዶ፣ መስከረም 25። ቤሌ፣ ጥቅምት 25።" ቀና አለች። "ምንድን ነው ይሄ?"

ሻንቆ ግን ስሙን ያውቀዋል። ሐጎፕ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ አርመናዊ ነጋዴ ነው። በ1925 ዝባድ ሊገዛ ብር በበቅሎ ጭኖ ወደ ኦሞ ወርዶ ጠፋ። ወንድሙ ሊፈልገው መጥቶ ነበር፤ ከባላገሩ ጋር ሲነጋገር ያስተረጎመለት ሻንቆ ነው። ግራዝማች ብሩ ያን ጊዜ ወንጌል መትተው ምለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ኬላዬን አልረገጠም ብለው።

"ቤሌ ደርሶ ነበር" አለ ሻንቆ። "የደረሰበትን አገርና ወር፣ ዓመተ ምሕረቱንም በአጭሩ፣ ካሜራው ላይ ይጽፍ ነበር። ቤሌ የመጨረሻው ነው።"

ጥሩወርቅ አልጮኸችም። ከንፈሯን ነከሰችው፤ ደም ወጣ።

"ልጄን ክርስትና ያነሣው እጅ" አለች።

በዚያው ቅጽበት ከደጅ ድምፅ መጣ። "አበልጄ፣ አለሽ?"

ሻንቆ ከምንጣፉ ጀርባ ገባ። ጥሩወርቅ እርጥቡን ምስልና ፊልሙን መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ብሩ ገብተው ቤቱን በዓይናቸው ዞሩ፤ ከጠረጴዛው ላይ አረፉ።

"ይህን አዲሱን ሌባ ሳይወስደው እኔ ጋ ላስቀምጠው። ለክርስትና ልጄ ይሆነዋል።"

"ይውሰዱት፣ አበልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

አንሥተው ወዘወዙት። "ፊልም አለበት?"

"የሚገዛበት ገንዘብ የት አለን? ባዶ ነው።"

ብሩ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ካሜራውን ታቅፈው ወጡ። ሻንቆ ሲወጣ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። እንባዋ የወረደው ያን ጊዜ ነው።

"ለዳኛው ዛሬውኑ ንገርልኝ" አለችው።

"ዛሬ ብነግራቸው ማታውን አብረው የሚመገቡት ከግራዝማች ጋር ነው። ሐሙስ፣ ሕዝብ ፊት ይሁን።"

ሐሙስ ወርካው ሥር ሰው እንደ አሸዋ ነው። አንጁሎ ከዘበኛው ጋር እንደተቆራኘ በጉልበቱ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ብሩ ከዳኛው ቀኝ፣ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ተቀምጠዋል። ሻንቆ ወደ መሃል ወጥቶ እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ ሰው የሚገረፍበት ዕቃ ምን እንደሆነ ሸንጎው ይወቅ። ለሟቹ የሸጡለት ግራዝማች ስለሆኑ ይመስክሩልን።"

ቀኛዝማች ፊታቸውን አጨፈገጉ። ሕዝቡ ግን፣ "ይመስክሩ!" አለ።

"አሮጌውን ካሜራ ለሟቹ የሸጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ለአበልጄ ነው።"

"ከማን ገዙት?"

"አዲስ አበባ፣ ከአንድ ግሪክ ሱቅ።"

"መቼ?"

"ለጃንሆይ ንግሥ በዓል የወጣሁ ጊዜ። በ23። አንተ ምን አገባህ?"

"ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ይዞት ያውቃል?"

"ለአድነው እስክሰጠው ድረስ ከሣጥኔ ወጥቶ አያውቅም። በጃንሆይ አምላክ!"

"ሸንጎው ሰምቷል" አለ ሻንቆ።

ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ምስሉንና ማጉያውን ዳኛው ጉልበት ላይ አኖረች። "ባሌ በሞተበት ዋዜማ ያነሣው ነው። እጄ ነው ያጠበው። ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።"

ቀኛዝማች አነበቡ። "ቤሌ፣ ጥቅምት 25" ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የሚያስታውሰው ሁሉ አጉረመረመ።

"በ23 ሣጥን የገባ ካሜራ በ25 ከሐጎፕ ጋር ቤሌ እንዴት ደረሰ?" አለ ሻንቆ። "ኬላዎን ያልረገጠ ሰው ስሙን ካሜራዎ ውስጥ እንዴት ጻፈ? ሰማንያ የሚያወጣውን በአሥራ አምስት ሸጡ፤ ስሙ ሲገኝበት መቶ ሰጡበት። አልሸጥም ሲልዎት..."

ብሩ ብድግ አሉ። ሽጉጡ ወጣ።

የመጀመሪያው ጥይት የሻንቆን ግራ ክንድ አጥንቱን ሰብሮ አለፈ። ሕዝቡ ተተረማመሰ። ሻንቆ በጉልበቱ ሲወድቅ አፈሙዙ ወደ ጥሩወርቅ ሲዞር አየ። ያን ጊዜ አንጁሎ ከመሬት ተስፈነጠረ። የተቆራኘውን ዘበኛ እንደ ጆንያ እየጎተተ ደረሰ፤ ሰንሰለቱን በብሩ አንገት ላይ ጣለና ጠመዘዘው። ሁለተኛው ጥይት ወርካው ላይ ተቀበረ። ብሩ የአንጁሎን ጀርባ ጨበጡ፤ ጥፍራቸው ክፍት ቁስሉ ውስጥ ገባ። አንጁሎ አላለቀቀም። ፊታቸው ጠቆረ፤ ምላሳቸው ወጣ፤ እግራቸው አቧራውን ደበደበ።

"ተው!" ሲል ጮኸ ሻንቆ በወላይትኛ። "አንጁሎ፣ ከሞተማ አንተ ነህ ነፍሰ ገዳይ! በሕይወት ይናገር!"

አንጁሎ ወደ ሻንቆ ዞረ። ከዚያ እጁን ከፈተ።

ብሩ ሦስት ቀን ካዱ። በአራተኛው የኬላው ዘበኞች ተይዘው ሲጠየቁ፣ ግራዝማች እሑድ ኬላው ላይ እንዳልነበሩ ተናገሩ። ከኬላው ጀርባ ሲቆፈር የሰው አጥንት ከነመታጠቂያው ወጣ፤ የራስ ቅሉ በጥይት የተበሳ ነው። ያን ጊዜ ብሩ አመኑ። ሐጎፕን የገደሉት ለጫነው ብር ነው። ገንዘቡን ቀበሩት፤ ካሜራውን ግን ከእሳት መጣል አሳሳቸው፤ ለችግረኛ አበልጃቸው ሸጠው ምስጋናውንም ተቀበሉ። አድነው ስሙን አግኝቶ፣ "ይህን የሸጠልዎ ሰው ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ይችላልና ይጠንቀቁ" ብሎ ጻፈላቸው። እሳቸውን አልጠረጠረም ነበር። መቶ ብር እሰጣለሁ ብለው ሲልኩበት ነው የጠረጠረው። እሑድ ሶዶ ወጥተው፣ እግሩ ሥር ተንበርክከው ለመኑት። "ለሐጎፕ ወንድም ሳልነግር አላድርም" አላቸው። ጀርባውን ሲሰጥ መቆሚያውን አነሡ። አሮጌውን ካሜራ ወንዝ ጣሉት።

በሰንሰለት ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። እዚያው ተሰቀሉ።

ብሩ በተላኩ ማግስት ቀኛዝማች አንጁሎን ወርካው ሥር አስጠሩ። "ነፃ ነህ በለው። ከብሩ ከብት አንድ በሬ ይሰጥሃል በለው።"

አንጁሎ ሰማና በወላይትኛ ተናገረ። ሻንቆ የተሰበረ ክንዱን እንዳንጠለጠለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"የገደለው ይሰቀላል፤ ግረፉት ያለውስ ምን ይሆናል ይላል።"

ቀኛዝማች ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ። በሳምንቱ ሻንቆ ከሥራው ተባረረ።

ጥሩወርቅ አዲሱን ካሜራ ከብሩ ቤት አስመልሳ ፎቶ ቤቱን ከፈተች። አንጁሎን እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነችው፤ በእሱ ላይ የመጀመሪያውን ጩኸት የጮኸችው እሷ ናትና። አንጁሎ አነሣት። ከዚያ ሸማውን ገፎ ጀርባውን ለካሜራው ሰጠ። "ይሄን አንሺ" አለ በተሰባበረ አማርኛ። አነሣችው። ሳሊህ ምስሉን ለሐጎፕ ወንድም ይዞለት አዲስ አበባ ወጣ፤ እሱም ለጃንሆይ ዙፋን ችሎት አቀረበው።

በጥቅምት ቀኛዝማች ገብረሥላሴ ተሽረው ወደ ሸዋ ተመለሱ። በምን ምክንያት እንደሆነ ለሶዶ ሰው የነገረው የለም።

አንጁሎ በሬውን ተቀብሏል። በአንድ በሬ አይታረስምና፣ ሻንቆም አንድ በሬ ነበረውና፣ ሁለቱን አቀናጅተው ከዳሞታ ግርጌ ያለውን መሬት አብረው አረሱ። ሻንቆ በጤነኛ እጁ ዘሩን ይበትናል። እርፉን የሚይዘው አንጁሎ ነው።